የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ፌሎውን ደብረ ብርሃን ላይ ማሠልጠን፦ ከአልጋው ዳር እስከ ጥናቱ

ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ደብረ ብርሃን ላይ፣ የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ፌሎዎችን (ስፔሻሊስት ከሆኑ በኋላ በዚህ ዘርፍ የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን) ለሚያሠለጥኑ ወይም ለልምምድ ለሚቀበሉ ሲኒየር ሐኪሞች የተጻፈ ነው። ፌሎው ራሱ ቢያነበውም ይጠቅመዋል።

ብዙ ቦታ ትምህርቱና ጥናቱ ለየብቻ ይያዛሉ። ትምህርቱ ጠዋት በራውንድ ያልቃል፤ ጥናቱ ደግሞ ምርቃቱ ሲቃረብ በጥድፊያ የሚሠራ ወረቀት ይሆናል። የዚህ መመሪያ መነሻ ሁለቱም ከአንድ መዝገብ ይጀምሩ የሚል ነው። ፌሎው ሌሊት አልጋ ዳር ያስቸገረውን ጠዋት ይማርበት፣ በወሩ መጨረሻ ይቁጠረው፣ በዓመቱ ይጻፈው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ከፍታውን በእጅ ማስላት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ገደማ ላይ። መጻሕፍቱ በአብዛኛው የሚናገሩት ባሕር ጠለል ላይ ስለሚኖር ሕፃን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰኞ ትምህርት አንድ ስሌት ይሁን፤ ፌሎው ሰሌዳ ላይ በእጁ ይሥራው። የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ሸዋ ሮቢት 650 አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን 540 አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ የውሃ ተን ግፊት 47 ይቀነስና በ0.21፣ አየር ውስጥ ባለው የኦክስጅን ድርሻ፣ ይባዛል። ሕፃኑ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 150፣ ሸዋ ሮቢት 127፣ ደብረ ብርሃን 104 ገደማ ይሆናል።

ከዚህ አንድ ስሌት የሳምንቱ ትምህርት ሁሉ ይወጣል። መጀመሪያ የፐልስ ኦክሲሜትሩን (ጣት ላይ ተገጥሞ የደም ኦክስጅንን በመቶኛ የሚያነበውን መሣሪያ) ቁጥር ይያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በተለምዶ ከ90 በመቶ በታች ለሆነ ሕፃን ኦክስጅን ይሰጥ ይላል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ግን 87 በመቶና ከዚያ በታች እንደ መነሻ ሊያዝ እንደሚችል ገልጿል። ፌሎው ይህን እንደ ሕግ ሸምድዶ እንዳይሄድ። 88 የሚያሳይ ልጅ እየቃተተ፣ ጎድኑ እየተሰረጎደ ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩ የሚረዳው ያለ ምንም የትንፋሽ ምልክት ተኝቶ 89 የሚያሳየውን ልጅ ሳያስፈልገው ለቀናት ከሲሊንደር ጋር እንዳናስረው ነው።

ቀጥሎ የደም ኦክስጅን ለሚሰጠው ኦክስጅን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የበርሊን የኤአርዲኤስ (ድንገተኛ ከባድ የሳንባ ሕመም) ትርጓሜ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሰው ቁጥሩ በአየር ግፊቱ ተባዝቶ ለ760 ይካፈል ይላል። ፌሎው ይህን በሁለት መንገድ ያስላው። የሕፃኑ የራሱ ቁጥር በ0.71 (540 ለ760 ሲካፈል) ከተባዛ 300 የነበረው 213 ይሆናል፣ ሕፃኑ ይበልጥ የታመመ ይመስላል። ማነጻጸሪያው ከተባዛ ደግሞ ገደቡ ከ300 ወደ 213 ይወርዳል፣ ሕፃኑ ያነሰ የታመመ ይመስላል። ከፍታ የጤነኛውንም ልጅ ቁጥር ስለሚያወርድ በሰውነት አሠራር ትርጉም የሚሰጠው ሁለተኛው ነው። ይህን ያልለየ ፌሎው በኋላ ጥናቱ ላይ ግማሹን ክፍል በከባድ የሳንባ ሕመም ይመዘግባል። ስለዚህ የትኛውን እንደተጠቀመ ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ሦስተኛው ሪፈር ነው። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣው አምቡላንስ ደብረ ሲና አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው ደብረ ብርሃን የሚደርሰው። ሸዋ ሮቢት ላይ በ1 ሊትር 91 የነበረ ሕፃን ዳገቱ ላይ ይወርዳል። ሳንባው ውጭ የታሰረ አየር ካለ በዚያ ከፍታ ሩብ ያህል ይሰፋል፤ የመተንፈሻ ቱቦው ካፍም (ጫፉ ላይ በአየር የሚነፋው ከረጢት) እንዲሁ። ስለዚህ ፌሎው ስልክ ሲያነሣ የሚጠይቀው ይኑረው፦ ደረት ላይ የታሰረ አየር አለ ወይ? ሲሊንደሩ ስንት ያነባል? ኦክስጅኑ ደብረ ሲና ላይ፣ ከዳገቱ በፊት፣ እንዲጨመር ይንገር። የሲሊንደሩን ስሌትም ያስተምሩት። በደቂቃ 2 ሊትር ለ150 ደቂቃ 300 ሊትር ነው፤ ለመዘግየቱ እጥፉ ይያዝ፣ 600። ሙሉ የሆነ የኢ መጠን ሲሊንደር 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጠቋሚው ግማሽ ላይ ከሆነ ግማሹ ብቻ ነው ያለው፣ አይበቃም። ይህን ስልክ ላይ ከመናገር ይልቅ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሠርቶ አምቡላንሱ ውስጥ መለጠፍ የፌሎው የመጀመሪያ ሥራ ቢሆን ጥሩ ነው።

በዚያው ሳምንት ክፍሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን አጣርቶ የሚሰጥ መሣሪያ) በኦክስጅን መለኪያ ይፈተሽ። በሚሠራበት ከፍተኛ ፍሰትም፣ በ2 ሊትርም ይለካ። ከ82 በመቶ በታች የሚሰጥ ከሆነ ከአልጋ ይነሣ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቆሸሸ ማጣሪያ ነው፤ አንዳንዱ ግን የተሠራበት የከፍታ ገደብ ራሱ ከደብረ ብርሃን በታች ነው፣ ይህም መሣሪያው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባብል ሲፓፕ (ጫፉ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቱቦ የማያቋርጥ የአየር ግፊት በአፍንጫ የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ግን ከፍታ ለውጥ አያመጣም፤ ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ከገባ ግፊቱ 5 ነው። ውሃው ካልተንቦቀቦቀ አፍንጫው ላይ ያፈስሳል፣ ወይም ፍሰቱ አንሷል፣ ወይም የልጁ አፍ ተከፍቷል።

ሳምንቱን ማዋቀር

የሳምንቱ መርሐ ግብር አጭርና የማይሰረዝ ይሁን። ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ጠዋት 2 ሰዓት ተጀምሮ በ20 ደቂቃ ይለቅ፤ ራውንዱ አልጋ ዳር፣ በየአልጋው አንድ የማስተማሪያ ነጥብ ብቻ። አንድ ቀን ከሰዓት የአደጋ ጊዜ ልምምድ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን የጥናት ጽሑፍ ንባብ፣ በወር አንድ ጊዜ የሞት ምርመራ ስብሰባ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ከጥናት አማካሪው ጋር። ከዱቲ የወጣ ፌሎው ከሰዓት አይጠራ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው አይማርም፣ መድኃኒት ሲያሰላም ይስታል።

ልምምድ ስንል ውድ አሻንጉሊት ማለታችን አይደለም። አንድ ተራ አሻንጉሊት፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) ከነጭንብሉ፣ ካኑላ፣ ባዶ አምፑሎች በውሃ ተሞልተው «ለልምምድ ብቻ» ተብሎ የተለጠፈባቸው። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ አምፑሎቹ ይቆጠሩ፤ የጎደለ ካለ እውነተኛው የመድኃኒት ትሪ ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ሳይገኝ ማንም አይሂድ። 20 ደቂቃ ይሠራ፣ 20 ደቂቃ ይወራ።

አንዱን ልምምድ ቀረብ ብለን እንየው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኢንፌክሽን ሾክ ውስጥ ነው፤ ፈሳሽ ተሰጥቶታል፣ እግሩ እንደቀዘቀዘ ነው፣ አድሬናሊን በፓምፕ ይጀመራል። ቀመሩ በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም፣ ጠቅላላው 50 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሲሞላ፣ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ማለት በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮ ግራም ነው። ለዚህ ሕፃን 3 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ሦስት አምፑል፣ ከ47 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ጋር። የሚሳሳቱበት ቦታ ይታወቃል። አንዱ «በኪሎ» የሚለውን ረስቶ ለሁሉም 0.3 መቅዳት ነው፤ ይህ ልጅ ከሚገባው አንድ አሥረኛውን ብቻ ያገኛል፣ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምራል። ሌላው 3 ሚሊ ሊትሩን 50 ላይ ጨምሮ 53 ማድረግ ነው፤ ስሕተቱ ትንሽ ቢሆንም ልማዱ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ቱቦውን ነው። ማገናኛው ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነና በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር ከተከፈተ መድኃኒቱ ልጁ ጋ የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው! ስለዚህ ካኑላው ላይ ከመገጠሙ በፊት ቱቦው እስከ ጫፉ በመድኃኒቱ ይሞላ፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ካልታየ አይገጠም።

ፓምፕ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ፣ 60 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ቡሬት ይያዝና በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይበጥበጥ። ለዚሁ ሕፃን 1 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በደቂቃ 6 ጠብታ ከበፊቱ መጠን ጋር እኩል ነው። በደቂቃ አንድ ጠብታ ከመቁጠር ስድስት መቁጠር ይሻላል፤ ነርሷም በየ15 ደቂቃው ትቁጠር።

ልምምዱ ሲያልቅ መጀመሪያ ነርሶቹ ይናገሩ፣ ቀጥሎ ሬዚደንቱ፣ ፌሎው፣ መጨረሻ ሲኒየሩ። ሲኒየሩ ቀድሞ ከተናገረ ሲስተሯ ያየችው ስሕተት እዚያው ተውጦ ይቀራል። የሞት ምርመራ ስብሰባውም በዚሁ ሥርዓት ይሂድ፤ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ልጁ ከገባ በኋላ ምኑ ስንት ደቂቃ ዘገየ?» ተብሎ ይጠየቅ።

የፌሎው ችሎታ በፊርማ ብዛት አይመዘን። ቱቦ ማስገባት፣ ማዕከላዊ ካኑላ፣ ቬንቲሌተር ማስተካከል፣ ለወላጅ መጥፎ ዜና መንገር፣ እያንዳንዱ ላይ «ሲኒየሩ አጠገቡ ቆሞ»፣ «ሲኒየሩ ግቢ ውስጥ ሆኖ»፣ «ሲኒየሩ ቤቱ ሆኖ በስልክ» ተብሎ ደረጃ ይሰጠው። ሁለት የተለያዩ ሲኒየሮች ሳይስማሙ ደረጃው አይለወጥ።

ጽሑፍ ማንበብ

ለመጀመሪያው ንባብ ፊስት የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይስጡ። ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ 3,141 ሕፃናት የገቡበት ነው። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.6 በመቶ (አልቡሚን) እና 10.5 በመቶ (ሳላይን) ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ነበሩ። ፌሎው ውጤቱን ብቻ ይዞ «ፈሳሽ ይገድላል» ብሎ ከወጣ ንባቡ ከሽፏል። ጥያቄው «ትናንት 4ኛ አልጋ የገባው ልጅ እዚያ ጥናት ውስጥ ይገባ ነበር ወይ?» የሚል ይሁን። በተቅማጥ የተጎዱና በጣም የከሱ ሕፃናት አልገቡም ነበር፤ ሆስፒታሎቹም ቬንቲሌተር አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ንባብ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ይሁን። ዳካ ላይ የተሠራው የባብል ሲፓፕ ጥናት ሞት ከ15 በመቶ ወደ 4 በመቶ መውረዱን አሳየ፤ ማላዊ ላይ 644 ሕፃናት የገቡበት ደግሞ በተቃራኒው 11 በመቶ የነበረው 17 ሆነ። ዳካ ላይ ሐኪም በቅርብ ይከታተል ነበር፤ ማላዊ ላይ የወረዳ ሆስፒታል ነው፣ ሐኪም የየቀኑን ክትትል አልያዘም። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ይህ መሣሪያ ከመላኩ በፊት ማን ሌሊት እንደሚያየው መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

መዝገቡና የቀን መቁጠሪያው

ጥናት የሚበላሸው በስታቲስቲክስ አይደለም፤ በመዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ገቢ ሕፃን ከ25 ጥያቄ የማይበልጥ መጠይቅ ይኑር፦ የተመዘነ (የተገመተ ያልሆነ) ክብደት፣ የክንድ ዙሪያ፣ የመጣበት ወረዳ፣ ሲገባ ያለ ኦክስጅን የተነበበው ቁጥር፣ የንቃት ደረጃ፣ የደም ስኳር፣ የተሰጠው የኦክስጅን ዓይነት፣ የወጣበት ሁኔታ። የንቃት መጥፋት፣ ራስን አለመቻልና ጥልቅ ትንፋሽ፣ እነዚህ ሦስቱ ብቻ እንኳ ያለ ላቦራቶሪ የሕመሙን ክብደት ይናገራሉ። ሁሉም በገባበት ዱቲ ይሞላ፤ ከካርድ ላይ ከወራት በኋላ የሚለቀም መረጃ የሞቱትን ልጆች ካርድ አያገኝም፣ ካርዱ ከክፍሉ ወጥቷልና።

አሁን ወደ ቀኑ። የእኛ ክፍል ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የላቦራቶሪው ማሽን በፈረንጁ ያትማል፣ ሰዓቱ አንዱ በእኛ አንዱ በእነሱ። ኤክሴል ላይ ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ የጻፈ ሰው ስሕተቱን አያየውም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ የቆይታ ቀን ሲሰላ ያ ልጅ ይጠፋል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ እንደዚያው። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ገብቶ መስከረም 4 ቀን 2017 የወጣ ልጅ የቆየው 6 ቀን ነው፤ ጳጉሜን እንደ ሌላው ወር 30 ቀን አድርጎ የቆጠረ ሰው ግን 31 ይለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ወሩ በስሙ ይጻፍ፤ መለወጡ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀመር ይሠራ። ሰዓት ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምርጫ ሳይኖር ቁጥር ብቻ አይቀበሉ። «3 ሰዓት» ብቻ የተጻፈ ሞት መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

በየወሩ ፌሎው አሥር ካርዶችን በዕጣ አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። ከአሥሩ በሁለቱ ላይ ልዩነት ካለ መጠይቁ ነው የሚስተካከለው፣ ነርሷ አይደለችም።

ከጥያቄ እስከ ናሙና

ፌሎው በመጀመሪያ የሚያመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ ሰፊ ነው፤ «በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሞት መጠንና ምክንያቶቹ» የሚል። ይህ ብዙ ጊዜ ተሠርቷል፣ መልሱም ማንንም ሌሊት አይረዳም። በጥያቄው ውስጥ ማን፣ ምን፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ምን ውጤት የሚሉት አራቱ ካልተመለሱ ወደ ፕሮፖዛል አይግባ።

ናሙናው ላይ ደግሞ በሐቅ እንነጋገር። ሞት 30 በመቶ ነው ብለን 5 በመቶ ወዲህና ወዲያ ብናሰላ 323 ሕፃን ያስፈልጋል፤ 10 በመቶ መረጃ ይጎድላል ብንል 359። ክፍሉ በወር 20 ልጅ ካስገባ 18 ወር ነው። ፌሎው ያለው የመሰብሰቢያ ጊዜ ከ10 ወር አይበልጥም፤ 200 ልጅ ማለት ነው። 60 ያህሉ ቢሞቱ በአንድ ሞዴል ውስጥ ከስድስት በላይ ምክንያት መክተት አይችልም፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት ቢያንስ አሥር ሞት ይያዛልና። ሃያ ምክንያት የከተተ ሞዴል በዚህ ክፍል እውነት የሚመስል ነገር ያወጣል፣ ሌላ ቦታ ሲሞከር ይፈርሳል።

ለሰሜን ሸዋ የሚመጥን፣ አንድ ፌሎው በጊዜው ሊጨርሰው የሚችል ጥያቄ እነሆ፦ ጤነኛ ሕፃናት ደብረ ብርሃን ላይና ሸዋ ሮቢት ላይ የደማቸው ኦክስጅን በፐልስ ኦክሲሜትር ስንት ይነበባል? እዚህ የምንፈልገው አማካዩን ሳይሆን የታችኛውን ጠርዝ ነው። ጠርዙን ለማወቅ በእያንዳንዱ ቦታ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል ቢያንስ 120 ጤነኛ ልጅ ያስፈልጋል። የክትባት ክፍል ውስጥ ይለካል፤ ልጁ ሳያለቅስ፣ እጁ ሞቆ፣ የሞገዱ ምስል ጥሩ ሆኖ፣ አንድ ደቂቃ ተጠብቆ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ ላይ የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ ይሙቅና እንደገና ይለካ። አንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ ይያዝ።

ፈቃድ

ፕሮፖዛሉ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ ሳይጸድቅ አንድ ቁጥር አይሰብሰብ። የሚሰበሰበው የግል መረጃ ስለሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ የፌሎው ግዴታ ይሁን። የልጁን ስም የያዘው ዝርዝር በአንድ ቁልፍ ሳጥን፣ ጥናቱ የሚሠራበት ፋይል በሌላ ቦታ።

ወላጅን ማነጋገር ግን በወረቀት አይማርም፤ ሲኒየሩ እየሰማ ፌሎው ይለማመደው። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «እናት፣ ልጅዎ የሚታከመው ጥናቱ ውስጥ ቢገባም ባይገባም እኩል ነው። የምንፈልገው ዕድሜውን፣ የኦክስጅኑን መጠንና የቆየበትን ቀን ከካርዱ ላይ መገልበጥ ነው፤ ጥናቱ ላይ ስሙ አይጻፍም። አይሆንም ቢሉ ማንም አይቀየምዎትም። እስቲ አሁን የነገርኩዎትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።» አብዛኛዋ እናት «እናንተ ታውቃላችሁ» ትላለች። ይህ ትሕትና ነው፣ ፈቃድ አይደለም። የመጨረሻው ጥያቄ የገባው ለዚህ ነው፤ በራሷ አፍ ካልመለሰችው እንደገና ይነገራት። የሚያክመው ሐኪም ራሱ ባይጠይቅ ይመረጣል፣ ልጁ የገባበት ሰዓት ላይም አይጠየቅ። ከቆላው ለሚመጡ ቤተሰቦች ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚናገር ሰው ይዘጋጅ፤ የታማሚ ዘመድ አያስተርጉም።

ጽሑፉና ርክክቡ

ፌሎው ባዶ ሠንጠረዦቹን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ይሥራቸው፤ የትኛው ሳጥን በምን ቁጥር እንደሚሞላ ካላወቀ ያንን ጥያቄ ከመዝገቡ ያውጣው። የምልከታ ጥናት ሲጻፍ ምን መካተት እንዳለበት የሚያሳየው የስትሮብ 22 ነጥብ ዝርዝር ሲጽፍ አጠገቡ ይሁን። የደራሲነት ስምምነቱ በመጀመሪያው ወር በጽሑፍ ይፈረም፤ መዝገቡን ያዋቀረችና ረቂቁን አንብባ ያረመች ነርስ ደራሲ ናት፣ ረቂቁን ያላየ ኃላፊ ግን አይደለም። በሦስት ቀን እናትማለን ብሎ ክፍያ ለሚጠይቅ መጽሔት አይላክ።

ውጤቱ ከመታተሙ በፊት መረጃው ወደ መጣበት ይመለስ። በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ሸዋ ሮቢት የድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በስብሰባም ይነበብ። ፌሎው ሲወጣ መዝገቡን፣ የቀን መለወጫ ቀመሩንና የስሌት ፋይሉን ለሚቀጥለው ፌሎው ያስረክብ። በርክክቡ ዕለት ሁለቱ አብረው አሥር ካርድ በዕጣ ያውጡ፤ አዲሱ ፌሎው ከካርዱ ብቻ መዝገቡን ይሙላ፣ ከቀድሞው ጋር ይመሳከር፣ የተለያዩበት ሁሉ እዚያው ማስታወሻው ላይ ይጻፍ።